ሰላምታው ያጠረው ሰው

ባሕር ዳር፣ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ ለሙሀመድዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንዴት ነህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን።

ይህን ያጻፍሁልህ ስለ አንድ ሰው ነው። በመስከረም እዚህ ብርቱ ጉንፋን ገብቶ ነበር፤ ሰውዬውም ታሞ ተነሣ። አሁን ትኩሳቱም ሳሉም ለቆታል። ግን ጥቂት ከተራመደ ትንፋሽ ያጥረዋል። አንተ ጀርመን አገር የምትማረው ሳንባቸው የደከመባቸውን ሰዎች ማበርታት ነው ብለኸን ነበር። ለእንዲህ ያለ ሰው የሚሆን መርፌ ካለ ጠይቅለት። ሰውዬው ጎበዝ ነው፣ መርፌ አይፈራም።

አጎትህ ኑርሑሴን

ልጄ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ የሐሊማ ነው። አጎትህ ቁርኣኑን እንጂ ፊደሉን እንደማያነብ ታውቃለህ። እኔ ግን በመሠረተ ትምህርት ተጎትቼ ገብቼ፣ ይኸው በስተርጅና የቤቱ ጸሐፊ ሆኛለሁ። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። «እስቲ አንብቢልኝ» ሲለኝ ስሙ እስካለበት ድረስ አነብለታለሁ። የቀረው የእኔና የአንተ ነው።

ሰውዬው እሱ ራሱ ነው። ዐሥራ ሁለት ቀን ተኛ። ራጅ ተነሣ፣ አክታውም ተመረመረ፣ ነቀርሳ የለበትም አሉን። ሐኪሙ ቫይረስ ያመጣው ነው፣ ሳንባውን ጎድቶት ሄዷል፣ በጊዜ ይበረታል አለ። ጊዜ ማለት ስንት ቀን እንደሆነ ግን አልነገረንም። አጎትህ ደግሞ ምን ቆርጦት ይጠብቃል! ከአልጋ በተነሣ በሳምንቱ አዛን ልበል ብሎ የመስጊዱ ሚናራ ላይ ወጣ። ከሃያ አራቱ ደረጃ ዘጠነኛው ላይ ተቀመጠና መነሣት አቃተው። አራት ሰዎች በጋቢ ተሸክመው ሲያመጡት በር ላይ ቆሜ ነበር። ከንፈሩ ጠቁሮ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አዛን የሚለው ወጣቱ ዓብደላ ነው። ድምፁ መልካም ነው፣ ይቸኩላል እንጂ። አጎትህ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲል የኖረውን አዛን አሁን ጨርቅ መሸጫው ውስጥ ተቀምጦ ይሰማል፣ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ከዚያ ክንድ መለካቱን ይቀጥላል። ቤት ሲገባ እንኳ «አሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ያቆማል፣ ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ የምትለዋ አትደርስም። የሚመኘው አንድ ነገር ነው፤ የረመዷንን የመጀመሪያ ቀን ማፍጠሪያ አዛን እሱ ሊለው። ረመዷን የሚገባው በሚያዝያ መጨረሻ ነው። እንግዲህ የምታውቀውን ጻፍልን።

ሐሊማ

—

ላይፕዚግ፣ ኅዳር 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአጎቴ ለኑርሑሴንና ለእትዬ ሐሊማ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናችሁን፣ ቤቱን፣ ጎረቤቱን፣ ገበያውን አላህ ይጠብቅልኝ። እኔ ከብርዱ በቀር ያስቸገረኝ ነገር የለም።

አጎቴ፣ የእርስዎ ደብዳቤ ድሮ ሰላምታው ብቻ አንድ ገጽ ይሞላ ነበር። የሰፈሩን ሰው በስም ጠርተው፣ የአቶ አንዳርጋቸው ላም ወልዳ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ወደ ጉዳዩ አይገቡም። የአሁኑ አንድ መስመር ሆነብኝ። ስለዚህ ሰውዬው ማን እንደሆነ አልጠይቅም። የምጽፈውን ግን ለሰውዬው አንድም ሳያስቀሩ ይንገሩልኝ።

መርፌ የለውም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ይመጣሉ። አንድ የትራም ነጂ አለ፣ ከጉንፋን ከተነሣ አራት ወሩ ነው፣ ጫማውን ሲያስር ያርፋል። መድኃኒቱ ትንፋሽን እንደ ገና መማር ነው። ሰውዬው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ አንድ እጁን ሆዱ ላይ ያድርግ። በአፍንጫው ቀስ ብሎ ሲያስገባ እጁን የሚገፋው ሆዱ ይሁን፣ ትከሻው አይነሣ። ሲያወጣ ከንፈሩን እንደሚያፏጭ ሰው አሞጥሙጦ ይሁን፤ ለማውጣት ለማስገባት የፈጀበትን ጊዜ እጥፍ ይውሰድ። ኩራዝ ፊቱ ቢያስቀምጡለት ነበልባሉ ይወዛወዝ እንጂ አይጥፋ።

ሁለተኛው፣ ጠርሙስ እስከ ግማሽ ውኃ ይሞላና ቀጭን መቃ ይግባበት። በመቃው እየነፋ ውኃውን ያፍላው፣ ሳያቋርጥ፣ ሳይጣደፍ። ጠዋት ዐሥር ጊዜ፣ ማታ ዐሥር ጊዜ ይበቃዋል። ውኃውና መቃው በየቀኑ ይለወጥ።

ሦስተኛው እግር ነው። በየቀኑ ጠዋት ይራመድ። ሁለት ርምጃ ሲሄድ ያስገባ፣ አራት ርምጃ ሲሄድ ያውጣ። ሳይደክመው በፊት ያርፍ፤ ደክሞት ያረፈ ሰው ዘግይቷል። እየተራመደ ከማንም ጋር አይነጋገር። ደረቱን ካመመው ወይም ከንፈሩ እንደገና ከጠቆረ ሁሉንም ትቶ ሐኪም ቤት ይሂድ።

የሚቆጥርበት ሰዓት ከሌለው የሙስበሃው ዶቃ ይበቃዋል።

ልጃችሁ ሙሀመድዘይን

—

ባሕር ዳር፣ ጥር 6 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ሙሀመድዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ። አጎትህ ሰላም ብሎሃል፣ ይህን ግን እሱ ጻፊ ብሎኝ ሳይሆን እኔ ልጻፈው ብዬ ነው የያዝሁት፤ እሱ ገና አፍሮ አልጨረሰም።

ደብዳቤህ ተከፍቶ ተለጥፎ በታኅሣሥ ደረሰን። ማን እንዳነበበው አላህ ይወቅ፣ ያነበበውም መተንፈስ ይማርበት። ስለ ሰላምታው የጻፍኸውን ሳነብለት አጎትህ ጣራ ጣራውን አየና «ልጁ ድሮም ተንኮለኛ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰውዬው ማውራት ቀረ።

የአምቦ ውኃ ጠርሙስ አጥቤ ሰጠሁት። መቃውን ከሐይቁ ዳር ራሱ መርጦ ቆረጠ። መጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ነፍቶ ላብ በላብ ሆነ። እኔ ብስቅ ብስቅ አልጠግብ አልሁ፣ በኋላ ግን ላቡን ጠረግሁለት። አሁን ዐሥሩን ይጨርሳል።

መከራው የመጣው በእግሩ በኩል ነው። አይነጋገር ብለሃል። አጎትህ ቃልህን ይዞ ሁለት አስገብቶ፣ አራት አውጥቶ ከቤት እስከ ሐይቁ ዳር ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ስንት ሰው እንዳለ ረስተኸዋል? ዳቦ የምትሸጠው የብርጓል አለች፣ የቀበሌ ሱቅ ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ አለ፣ ታንኳ የሚያራግፉት አሉ። ሁሉም «እንዴት አደርህ ኑርሑሴን» ይለዋል። እሱ እጁን ከፍ አድርጎ ያልፋል፣ ዓይኑን እግሩ ላይ ተክሎ። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሰላምታ አልፎ የማያውቅ ሰው!

በሳምንቱ በሰፈሩ ተወራ። ኑርሑሴን አኩርፎናል ተባለ። የብርጓልም፣ ሚዛን ጎድሎበት ይሆን ብላ፣ ሳልጠይቃት ሁለት ዳቦ ጨምራ ላከች። እኔ ምን ሆኑ እያልሁ ስገረም አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ አንዳርጋቸው ሽማግሌ ይዞ መጣ። አንዳርጋቸው ያው የምታውቀው፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው፣ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤታችን ነው። ከእሱ ጋር ሽማግሌው አቶ ዳኘው ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

በዚያች ሰዓት አጎትህ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጠርሙሱን ያፈላል። ዐሥሩን ሳይጨርስ አይናገርም፣ ያንተን ትእዛዝ ከመጽሐፍ አስበልጦታል። ሽማግሌው በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። አቶ ዳኘው ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ከመቼ ወዲህ ነው ጋያ ማጨስ የጀመረ አሉኝ። አዛን ሲል የኖረ ሰው ትምባሆ ሲያጨስ አየሁ ብለው መደንገጣቸው ነው። እኔ ሳቄን ለማፈን ጓዳ ገባሁ።

አንዳርጋቸው ግን አላየውም፣ መሬት መሬት እያየ መናገር ጀመረ። እንደታመምህ ሰምቼ አልመጣሁም፣ የሌሊት ተራ ነበርሁ፣ ቀን ተኝቼ እውላለሁ፣ ዛሬ ነገ ስል ቀረሁ፣ ከዚያ አፈርሁ፣ ቂም ብትይዝብኝ አልፈርድብህም አለ። የሃያ ዓመት ጎረቤት እንባ አውጥቶ ሲናገር አጎትህ መቃውን ከአፉ አውጥቶ፣ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ የሞት ሞቱን «ዐሥር ቀርቶኝ ነው» አለው። አራት እንጂ ዐሥር እንዳልቀረው እኔ ከጓዳ ሆኜ እየቆጠርሁ ነበር።

ነገሩን ሁሉ ነገርኋቸው። ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብሁላቸው። አንዳርጋቸው ሳቀ፣ ዳኘው ሳቁ፣ አጎትህ መሳቅ ሳል ያመጣበታልና ሆዱን ይዞ ተንፈቀፈቀ። አሁን አንዳርጋቸው ከሥራ ሲወጣ ሁለቱ ዘወትር አብረው ይራመዳሉ፣ ዝም ብለው።

አሁን የራሴን ልለምንህ። አጎትህ እየበረታ ነው፣ ሐሳቡም አብሮት እየበረታ ነው። በሚቀጥለው ደብዳቤህ ሚናራ መውጣት ክልክል ነው ብለህ ጻፍልኝ። ለዘለዓለም በልልኝ። ያንን ጋቢ አንተ አላየኸውም። እሱ እኔን አይሰማም፣ አንተን ግን ይሰማል።

ሐሊማ

—

ላይፕዚግ፣ ጥር 28 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለማከብርዎ ለአጎቴና ለእትዬ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤያችሁን ሆስፒታሉ ውስጥ እያነበብሁ ስስቅ አለቃዬ መጥታ ምን ሆንህ አለችኝ። ነገሩን ብተረጉምላት አልገባትም። እዚህ ሰው ሰውን ሳያይ ነው የሚያልፈው፤ አይነጋገሩ ብሎ ማዘዝ ምንም አያስከፍልም። ትእዛዙን ለትራም ነጂው እንደምሰጠው አድርጌ ለእርስዎ መስጠቴ የእኔ ስሕተት ነው። አቶ አንዳርጋቸውን ይቅርታ ጠይቁልኝ።

አጎቴ፣ ከእንግዲህ ሰላም ይበሉ። ግን እየሄዱ አይደለም። ሰው ሰላም ሲልዎ ይቁሙ፣ ያ ዕረፍትዎ ነው። እሱ «እንዴት አደርህ፣ ቤት እንዴት ነው፣ ከብት እንዴት ነው» ሲል እርስዎ በአፍንጫዎ ያስገቡ። ተራዎ ሲደርስ በሚያወጡት ትንፋሽ ይመልሱ። መጀመሪያ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ ይበቃል። በየሳምንቱ አንድ ቃል ይጨምሩ።

እትዬ፣ ከዚህ በታች ያለውንም ለአጎቴ ያንብቡላቸው።

ስለ ሚናራው ክልክል ነው ብዬ አልጽፍም፣ ክልክል አይደለምና። ነገሩ እንዲህ ይሁን። መስጊዱ ባዶ በሚሆንበት ሰዓት፣ በሳምንት ሦስት ቀን ይውጡ። መጀመሪያ ሳምንት ሦስት ደረጃ፣ ቀጥሎ ስድስት፣ በየሦስቱ ተቀምጠው ያርፉ። እግር ሲነሣ ትንፋሽ ይውጣ። ብቻዎን ግን አይውጡ፣ ሰው ይኑር። ጫፉ ላይ ደርሰው ዐርፈው፣ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ ከቻሉ አዛኑን ይበሉ። ለረመዷን ይደርሳሉ ወይ ካሉኝ አላውቅም። እንደርሳለን የሚሉ ሕሙማን ዋሽተውኝ ያውቃሉ፣ አንደርስም የሚሉም እንዲሁ።

ልጃችሁ ሙሀመድዘይን

—

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

ልጄ ሙሀመድዘይን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ዛሬ ብዙ ሰላምታ ለመጻፍ ፊት የለኝም።

ደብዳቤህን አነበብሁለት። «በየሳምንቱ አንድ ቃል ይጨምሩ» እስከሚለው ድረስ። ከዚያ አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትሁት። አጎትህ ጥቂት ጠበቀና ስለ ሚናራው ምንም አላለም ወይ አለኝ። ምንም አልሁት። ስዋሽ ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም፣ ይህ ነው የሚያስፈራኝ። እንግዲያው ትቶታል ማለት ነው ብሎ መቃውን አነሣ።

ሰላምታው ግን ሠራለት። አሁን መንገዱ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነን፣ እናንተስ» ድረስ ደርሷል። የብርጓል እሱ ትንፋሹን ሲያስገባ ልትረዳው ሦስት ጊዜ «እንዴት አደርህ» ትለዋለች።

አንድ ቀን ታዲያ ሳጥኑን ከፍቶ ደብዳቤህን ይዞ ወጣ። ሰላምታህን ደግሞ መስማት ይወዳል፣ እኔን ደጋግሞ ማስቸገር አልፈለገም። አንዳርጋቸው ቤት ሄዶ አንብብልኝ አለው። አንዳርጋቸው ምን ያውቃል፣ ከላይ እስከ ታች አነበበለት።

አጎትህ እንደ ወትሮው ቤት ገባ። ምሳውን በላ፣ ደብዳቤውን ወደ ሳጥኑ መለሰ። እኔ ምንም አልጠረጠርሁም። ሁለት ሳምንት ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ እየጠፋ ሲቆይ ነው ነገሩ የገባኝ። ተከትዬው ሄድሁ። መስጊዱ ባዶ ነው። የሚናራውን በር ገፋ አደርገዋለሁ፣ አጎትህ ስድስተኛው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ሙስበሃውን ይቆጥራል፣ ዓብደላ ከበታቹ ቆሟል። አጎትህ አየኝ፣ አልተቆጣም። ዐርፎ፣ ቀስ ብሎ ወርዶ አጠገቤ ቆመና እንዲህ አለኝ፦

«ሐሊማ፣ ፊደል ስትማሪ ደስ ያለኝ ዓይን አገኘሁ ብዬ ነበር።»

ይህን ሁሉ ሳያቋርጥ ነው ያለው። እኔ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ። ማልቀስ ብቻ ሆነብኝ። ስለ ጋቢው ነገርሁት፣ ስለ ከንፈሩ ነገርሁት፣ በሩ ላይ ቆሜ ምን እንዳሰብሁ ነገርሁት። ለካ ያን ቀን እኔ ምን እንዳየሁ እሱ አያውቅም ኖሯል፣ እሱ ራሱን ስቶ ነበር። ከዚያ ሙስበሃውን እጄ ላይ አስቀመጠና እንግዲያው አንቺ ቁጠሪ አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከታች ተቀምጬ የምቆጥረው እኔ ነኝ። ዓብደላ አብሮት ይወጣል። ለእያንዳንዷ ትንፋሽ አንድ ዶቃ አሳልፋለሁ። ትናንት ዐሥራ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ። ረመዷን ሊገባ አንድ ወር ቀረው። አንተንም ያላልኸውን እንድትል ለምኜሃለሁና ዐውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

ሐሊማ

—

ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐሊማና ለአጎቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ ዐውፍ የምለው ነገር የለም። እኔም የደበቅሁት አለኝ። በመጪው ክረምት ተመልሼ እመጣለሁ ብያችሁ ነበር። ትምህርቱ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። ይህን ካወቅሁ አምስት ወር ሆነኝ። ሁለት ደብዳቤ ስጽፍ አጎቴ ታመው እያሉ እንዴት እላለሁ እያልሁ ዘለልሁት። አሁን አልሁት፣ ቀለል አለኝ።

አጎቴ፣ ስለ ጾሙ ሐኪምዎንም ሸኹንም ይጠይቁ። ደረቅ ጉሮሮ ለእርስዎ ገና ጥሩ አይደለም። በዚህ ነገር ጎበዝ አይሁኑብኝ።

እኔ ልጅ ሆኜ በእርስዎ ድምፅ ነበር የምነቃው። እዚህ የምነቃው በሰዓት ደወል ነው።

ሙሀመድዘይን

—

ባሕር ዳር፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለሙሀመድዘይን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ፣ ከጀርመን ብርድ አላህ ይጋርድህ፣ ረመዷንህን ይቀበልህ፣ ቤቱ ደኅና ነው፣ ሱቁ ደኅና ነው፣ ዓብደላ ሰላም ብሎሃል፣ የብርጓል ሰላም ብላሃለች፣ አቶ ዳኘው ጉልበታቸው ተሽሏቸው ሰላም ብለውሃል፣ አንዳርጋቸውና ባለቤቱ ፀሐይወርቅ ልጆቻቸውም ሰላም ብለውሃል፣ ላሟ በመጋቢት ወልዳለች፣ ወይፈን ነው፣ እናትየዋም ደኅና ናት፣ ዓመት ጨመርሁ ላልኸው ዓመት ምን አላት፣ ትንፋሽ ስንቆጥር የከረምን ዓመት መቁጠር አያቅተንም።

አጎትህ ኑርሑሴን

ልጄ፣ ይህን ሲናገር በብዕር ሮጬ ልደርስበት አልቻልሁም። ቀስ በል ስለው አንቺ ተለማመጂ አለኝ። አሁን ከዚህ በታች ያለውንም እያነበብሁለት ነው የምጽፈው፣ የእኔና የአንተ ብቻ የሚባል ነገር ቀርቷል።

ሐኪሙ ጾሙን ዘንድሮ ከልክሎታል። አጎትህ ይህ አንገበገበው። ራሱ ያልጾመ ሰው እንዴት ሌላውን ያስፈጥራል ብሎ ደብዳቤህ ሳይደርስ ነገሩን ሊተው ነበር። ሸኹ ግን አዛን የሚባለው ለባለቤቱ ሳይሆን ለሚሰማው ነው፣ የታመመን አላህ ራሱ ፈቅዶለታል ብለው መለሱት።

የመጀመሪያው ቀን መሸ። አጎትህና ዓብደላ ቀደም ብለው ሄዱ። እኔ እንደ ሰው ሁሉ ቴምሬን በእጄ ይዤ ደጃፍ ተቀመጥሁ። ደረጃ መቁጠር የለመደ እጅ ነውና በሌላው እጄ ሙስበሃውን ይዣለሁ። ሃያ አራት ደረጃ፣ በየስድስቱ ዕረፍት። በግድግዳው ወዲያ አንዳርጋቸውና ፀሐይወርቅ ራዲዮናቸውን አጥፍተው ቆመዋል። ፀሐይዋ ሐይቁ ውስጥ ገባች። አዛኑ ቆየ። እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ነው የቆየው፣ ለእኔ ግን ያ ጋቢ እንደ ገና በበሩ ሊገባ መሰለኝ።

ከዚያ ድምፁ መጣ። እንደ ድሮው አይደለም፣ ወፈር ብሏል፣ ዝቅ ብሏል። ድሮ በአንድ ትንፋሽ የሚለውን አሁን በሁለት ይለዋል። ወደ መጨረሻው አንድ ቦታ ላይ ቆመ፣ ከተማውም አብሮት ቆመ፣ አየር ሲያስገባ የማየው መሰለኝ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ እስከ ጫፉ አደረሰው። በግድግዳው ወዲያ ፀሐይወርቅ ስታለቅስ ሰማሁ። አንዳርጋቸው ጮክ ብሎ «ጨረሰው!» አለ።

ሰው ሁሉ አፈጠረ። የጎረቤት ሳህን ሲንኳኳ ይሰማኛል። እኔ ቴምሩ እጄ ላይ ቀረ፤ በሐሳቤ ያለሁት ገና ደረጃው ላይ ነው፣ መውረዱ ቀርቶታልና።

አጎትህ ወርዶም ቶሎ አልመጣም። በመንገዱ ያገኘው ሰው ሁሉ አቆመው፣ እሱም ለሁሉም ቆመ። ሾርባው በረደ። በኋላ የግቢው በር ተንቀጫቀጨ፣ በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ አየኝና ደጃፉ ላይ ቆመ። በአፍንጫው አስገባ፣ ትከሻው አልተነሣም።

«አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ» አለኝ፣ ሙሉውን፣ ሳያቋርጥ።

ያን ጊዜ ቴምሩን በላሁ።

ሐሊማ